ማተብ የበጠሰው ኮምፒውተር

ፈንታውን በቁሙ ወድጄው አላውቅም። ይኼን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ ላይ ለሱ አፍንጫ ስሟገት ስትሰሙ «አይ፣ ሟቹን ቢወደው ነው» እንዳትሉኝ ብዬ ነው። አልወደውም ነበር። የታላቅ እህቴ የብርቄ ባል ነው። ማሳችን ይዋሰናል። ድንበሩ ላይ የበቀለችውን የእሬት ቁጥቋጦ እሱ በየክረምቱ ወደኔ ይገፋታል፣ እኔ በየበጋው ወደሱ እመልሳታለሁ። ቁጥቋጦዋ ከሁለታችን የበለጠ መንገድ ሄዳለች። እሱ ሞተ፣ እሷ አለች።

ፊቱም ቢሆን ለማየት የሚያጓጓ አልነበረም። በልጅነቱ ፈንጣጣ ወጥቶበት ጉንጩ ወፍ የለቀመው ማሳ መስሎ ቀርቷል። አፍንጫው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ እሱ «በሬ ነው የመታኝ» ይላል፣ አገሩ «ብርቄ ናት» ይላል። ግንባሩ ሊዘንብ እንዳለ ሰማይ ሁልጊዜ እንደተቋጠረ ነው። እንግዲህ ይኼ ሰው በዕድሜው ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ፎቶ ተነሣ። እኔን በስተርጅና ከመንደራችን ከብልባላ ላሊበላ ያመላለሰችኝ ያችው አንዷ ፎቶ ናት።

ነገሩ የጀመረው ደርግ ወድቆ አገሩ ረጋ ሲል፣ ፈረንጅ እንደ ልቡ መምጣት በጀመረበት ጊዜ ነው። ላሊበላን አይተው ያልጠገቡት በበቅሎ እየሆኑ ወደኛ ይወጡ ነበር፤ እኛም ጋ ከአለት የተፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያኖች አሉና። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ በታኅሣሥ ስታልፍ ፈንታው ገብስ እየወቃ አገኘችው። በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፣ እሱ መንሹን ተክሎ ቆሟል፣ ገለባው ራሱ ላይ ሰፍሯል። ሴትዮዋ ምን እንዳየችበት እግዜር ይወቅ፤ መሣሪያዋን አንሥታ ቀጭ አደረገችው። ፈንታው ተቆጣ። እሷ ሳቀች። ሁለተኛ ልታነሣው ስትጠጋ አንደኛው በሬ የራሱን አስተያየት አውድማው ላይ ጣለና ትታው ሄደች።

ከወራት በኋላ አንድ አስጎብኚ ከላሊበላ ፎቶውን ይዞ መጣ። ሴትዮዋ በፖስታ ልካዋለች። መዳፍ ታህላለች። ከፎቶዋ ጋር ደግሞ ፊልሟን ጨምራ ልካለች፤ ቡናማ ቁራጭ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ የምትጠቀለል። አስጎብኚው «ይችን አትጣሏት፣ ፎቶው ቢጠፋ ከዚች ሌላ ይወጣል» አላቸው። ብርቄ ፊልሟን ወደ ፀሐይ አንሥታ ብታያት ባሏ ፊቱ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር፣ ኩታው ከሰል ሆኖ ቆሟል። አማተበችና ከመርፌዋና ከክሯ ጋር ሻይ ቅጠል በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ከደነችበት። የነፍስ አባቷ መምሬ ይርዳው ቢጠየቁ «ጥላው ይሆናል። ጉዳት የለውም። ብቻ ከጠበሉ ራቅ አድርጊው» አሉ።

ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ለጠፈቻት። በምን? በሊጥ። አይጥ ሊጡን ብላ መጣች፣ ከሊጡ ጋር ፈንታውን በላችው። መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥላ በሬዎቹን፣ በመጨረሻ ግንባሩን። ፈንታው ምድጃው ዳር ተቀምጦ ራሱ ሲበላ እያየ «በዚህ ነገር የወንድምሽ እጅ አለበት» ይል ነበር አሉ። እኔ አይጥ ልኬበት አላውቅም። ቢታዘዙልኝ ኖሮ ግን አላውቅም።

ከዚያ ዘመን ሄደ፤ ፈንታውም ሞተ። አልቅሰን ቀበርነው፣ ተዝካሩን አወጣን፣ እኔም የእሬቷን ቁጥቋጦ ለሐዘኑ ስል አንድ ክረምት ሳልነካት ቀረሁ። ኋላ የብርቄ ዓይን መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ጤፍና ሙጃ መለየት አቃታት፣ ቀጥሎ እኔንና በሬውን። የዓይን ሐኪም ላሊበላ መጥቷል ሲባል በአህያ ጭኜ ወሰድኳት። ሐኪሙ መብራት እያበራ ሲያይ ቆየና «እናቴ፣ አንደኛው አልፏል። ሁለተኛውም እየሄደ ነው። የሚቀጥለውን ክረምት ባይሻገር እንዳይደንቅዎት» አላት። ዓይኗ ላይ የሚደረግ ጠብታ መድኃኒት ሰጣት።

ስንመለስ እሷ አህያዋ ላይ ናት፣ እኔ በእግሬ እነዳለሁ። የማጽናኛ ቃል ስፈልግ ነበር። እሷው ቀደመችኝ።

«አንተ ልጅ።» ሽበት ሸፍኖኝም እሷ ዘንድ ልጅ ነኝ።

«ወይ እቴ።»

«ዓይኔ ሳይዘጋ ፈንታውን አንዴ ልየው።»

«ሞቷል እኮ።»

«መሞቱንማ እኔ አይደለሁ ያለቀስኩት! ፎቶውን ነው የምልህ። ያችን ፊልም ውሰድና በትልቁ አሠራልኝ። ሰፌድ ያህል ይሁን፤ ትንሹን ዓይኔ አይዘውም።»

ያን ጊዜ ወሩ ሚያዝያ ነበር። ክረምቱ ሩቅ አይደለም።

ላሊበላ ውስጥ ደጀኔ የሚባል ፎቶ አንሺ አለ፤ ከደሴ መጥቶ ስቱዲዮ የከፈተ ጎልማሳ ነው። ከወንበሩ ኋላ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ጎኑ ላይ ኮትና ክራቫት ተንጠልጥሏል፤ የመጣ ሁሉ ይለብሰዋል፣ ገበሬውም፣ ዲያቆኑም፣ አስጎብኚውም። እዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ያየሁት ወንድ ሁሉ አንድ ኮት ነው የለበሰ። ፊልሟን ከቆርቆሮዋ አውጥቼ ሰጠሁት። ክዳን ባለው ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ አስተኛት፤ ስካነር ነው አለኝ። ከደነው፤ ከሥሩ መብራት ሲሄድ ታየኝ። ወዲያው ፈንታው ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ አለ፤ ያ ነጭ ፊት፣ ያ ጥቁር ጥርስ። ደጀኔ አንዲት ነገር ተጫነ፤ ፈንታው ተገልብጦ ሰው ሆነ።

ግንባሩን ቋጥሮ አየኝ። እኔም ሳላስበው ቋጠርኩ።

«ፊልሙ በጣም ተጎድቷል አባባ» አለ ደጀኔ። «መርፌ ጭሮታል። አቧራም ጠግቧል። ላጽዳው?»

እዚህ ላይ ነው የሞኝ ቃል የተናገርኩት።

«አጽዳው» አልኩ። አላቆምኩም። «አሳምረው።»

ለፎቶ አንሺ አሳምረው ማለት ለልጅ የማር እንስራ ከፍቶ ጠብቅ እንደማለት መሆኑን የነገረኝ የለም። ገበያዬን ጨርሼ ብመለስ ፎቶው ሰፌድ አክሎ ወጥቷል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኩት። ፈንታውን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። ጉንጩ እንደ እንቁላል ለስልሷል፣ አፍንጫው ቀንቷል፣ ግንባሩ ካውያ ገብቶበታል። ራሱ ላይ አንዲት ገለባ የለችም። በሬዎቹ የሉም፣ አውድማው የለም፤ በነሱ ፋንታ ከጀርባው ቤተ ጊዮርጊስ ቆሟል። ደጀኔ መንሹን ብቻ ከእጁ ማስጣል አቅቶት ስለተወው ፈንታው ቤተ ክርስቲያኑን ሊወጋ የመጣ ይመስላል። ቢሆንም ያምራል። እንዲህ ሆኖ ቢኖር ኖሮ ቁጥቋጦዋን ከነሥሯ እሰጠው ነበር ብዬ አሰብኩ።

ብርቄ ቤት ስደርስ ጎረቤቷ አለሚቱ ልትጠይቃት መጥታ ነበር። አለሚቱ ሰው ስትጠይቅ ሰምታ ለማውራት ነው፤ ክፋት የለባትም፣ ዝም ማለት ነው የማትችለው። ብርቄ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አወጣችና አፍንጫዋን አስጠግታ፣ ዶሮ እህል እንደምትለቅም ከላይ ጀምራ ለቃቀመችው።

«ማነው?» አለች።

«ፈንታው ነዋ!»

«የማን ፈንታው?»

«ያንቺው።»

«አፍንጫው ምን ሆነ?»

«ቀናለት።»

«ማን አቀናው? እኔ ያጣመምኩትን ማን አቀናው?»

አለሚቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስንት ዘመን በበሬ የተሳበበ ነገር እንዲህ ሆኖ ወጣ። ብርቄ ግን ልብ አላለችም፤ ጣቷ ወርዶ አንገቱ ላይ ደርሷል። አንገቱን ዳሰሰችው። ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለሰች።

«ማተቡ የታለ?»

እኔም አየሁ። የለም። የፈንታው አንገት እንደ ሕፃን አንገት ባዶ ነው። ክርስትና ሲነሣ የታሰረለት፣ ባለቀ ቁጥር የሚቀየር፣ አብሮት የተቀበረ ጥቁር ማተብ ድራሹ የለም።

«ኮምፒውተሩ ነው ያጠፋው» አልኩ።

«ኮምፒውተር ማተብ ለምን ይበጥሳል?» አለች አለሚቱ። «ምን አድርጎት?»

አለሚቱ መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በማግስቱ ውኃ መቅጃው ላይ የሚወራው ፈንታው ማተቡን በጥሶ ነበር የሚል ነው። ጥቂት ቆይቶ ያስበጠሰችው ያች ፈረንጅ ሆነች፤ «ያለ ነገር ነው ከባሕር ማዶ ፎቶ የላከችለት?» ተባለ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የፈንታው ማኅበርተኞች የዛፉ ጥላ ሥር ቆመው ጠበቁኝ።

«እኛኮ እንጠረጥር ነበር» አለ አንዱ። «ማኅበራችንን ሲጠጣ ፊቱን ይቋጥር ነበር።»

«ፊቱን መቼ ፈትቶት ያውቃል!» አልኩት። «ሰርጉ ላይም ቋጥሮ ነው የዋለ።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የፈንታው ጠበቃ የሆንከው?»

ትቻቸው መንገዴን ቀጠልኩ። መምሬ ይርዳው ደግሞ በእጃቸው ጠርተው ወደ ዳር አወጡኝ። በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ሁሉን ልጄ ነው የሚሉ።

«ልጄ፣ ሰውዬውን ፍትሐት አድርገን ነው የቀበርነው። ማተብ ከሌለው ማንን ነው ስንፈታ ያደርነው?»

«መምሬ፣ ራስዎ አይደሉ እንዴ ሲያቆርቡት የኖሩ? አንገቱን አላዩም?»

«እኔ የማየው አፉን ነው» አሉ። አሰቡ። «አይ፣ የነበረው ይመስለኛል። ግን ሰው በዓይኔ አየሁ ሲል በሚመስለኝ አልሟገትም።»

ይኼ ሁሉ ግድ አልሰጠኝም። ሰው ያወራል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ እርሻው ይሄዳል። ያስጨነቀኝ የብርቄ ነገር ነው። ፎቶውን ገልብጣ አልጋው ሥር አድርጋዋለች። አንድ ቀን ጠብታዋን ሳደርግላት ቀስ ብላ «ምናልባት እኔ እሆናለሁ የረሳሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ፊቱን። ስንት ጊዜ ሆነው። በልቤ አፍንጫው ወደ ግራ ነው፤ ፎቶው ቀጥ ያለ ነው ይላል። ፎቶ አይዋሽም ይላሉ። ዓይኔ ከሄደ ደግሞ የሚቀረኝ ያ ለስላሳው ሰውዬ ነው። እሱን እኔ አላውቀውም። ከማላውቀው ወንድ ጋር ልቅር?»

ወደ ምዕራብ ሳይ ደመናው መከመር ጀምሯል። ቅዳሜን ጠብቄ ፎቶውን ጠቅልዬ ላሊበላ ወረድኩ።

ደጀኔ ቤት ሙሽሮች ነበሩ፤ የሰርጋቸውን ፎቶ ሊወስዱ መጥተው ወረፋ ይጠብቃሉ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ማተቡን ምን አደረግከው?»

«የቱን ማተብ?»

«አንገቱ ላይ ያለውን!»

ደጀኔ አየ፣ አየና ደነገጠ። «ጭረት መስሎኝ እኮ ነው! ቀጭን ጥቁር መስመር ሳይ... ኮምፒውተሩ ጭረቱን በሙሉ አንድ ላይ ነው የሚያነሣው።» ይኼን ሲል የራሱ ማተብ ከሸሚዙ ብቅ ብሎ ነበር። ሙሽራው አየው፣ እኔም አየሁት፤ እሱም ማየታችንን አይቶ ቁልፉን ቆለፈ። «ችግር የለም አባባ። አሁኑኑ እናስርለታለን።»

ወንበር አምጥቶ ከጎኑ አስቀመጠኝ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የቀኑ ፍዳ የተጀመረው። መጀመሪያ በጥቁር ቀለም መስመር ሳለ።

«ይኼ የበሬ ጠፍር ነው» አልኩት። «አቅጥነው።»

አቀጠነው። አሁን ደግሞ በገመድ የታነቀ መሰለ። ተናደደና ከአንዲት ሙሽራ ፎቶ ላይ የወርቅ ሀብል ከነመስቀሉ ቆርጦ አንገቱ ላይ አዋለለት።

«አባባ፣ ወርቁ አምሮበታል እኮ!» አለች ሙሽሪት ከኋላችን።

«ልጄ፣ ይኼ ሰው ወርቅ ያየው በበዓል ቀን በቄስ እጅ ነው። ብርቄ ይኼን ብታይ ደግሞ ከማን አመጣው ብላ ሌላ ጣጣ ነው።»

ወርቁ ወለቀ። እግረ መንገዴን «ጠባሳውንም መልስለት» አልኩ።

ደጀኔ እጁን ከዕቃው ላይ አነሣ። «አባባ፣ ሰው ጠባሳ አጥፋልኝ ብሎ ነው የሚመጣ። መልስልኝ ብሎ የመጣ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።»

«መልስ።»

«ሙቱን ለምን አያስከብሩትም?»

«እኔ በቁሙም አላከበርኩት። መልስ!»

ነጠብጣብ መትከል ያዘ። እኩል በእኩል፣ በረድፍ በረድፍ፣ ሽንኩርት እንደሚተከል። ስናይ የፈንታው ጉንጭ ወንፊት ሆኗል። ሙሽራው ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አፍንጫው ከዳው። ከዚያ አፍንጫውን እናጣምም ተባለ። ደጀኔ ወደ ግራ ጎተተው፤ አፉም አብሮ ሄደ። አፉን መለሰ፤ ዓይኑ ወረደ። ዓይኑን ሲያነሣ ግንባሩ ተፈታ፤ ፈንታው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። እንደሱ ያለ አስፈሪ ነገር አይቼ አላውቅም።

«አቁም! አቁም!» አልኩ።

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ።

ደጀኔ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። የሠራው ሁሉ አብሮ ሄዷል፤ ወንፊቱም፣ ፈገግታውም። እኔ በሆዴ መብራት ኃይልን መረቅሁ። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ወጥተን ተቀመጥን፤ ሙሽሮቹም አብረውን። ደጀኔ መሬት መሬት እያየ አወጋኝ።

«አባባ፣ እርስዎ ክፉ ሠራ ይሉኛል። ግን ያስቡት። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ የስቱዲዮው ማኅተም አለ። ጭረትና አቧራ ያለበት ፎቶ ከዚህ ቤት ከወጣ፣ ሰው ፊልሙ ነው አይልም፤ ደጀኔ ነው የሚል። ሰው የሚከፍለኝ ከራሱ የተሻለ መልክ እንድሰጠው ነው።»

«ሐቅ ነው» አለች ሙሽሪት። «እኔንም ትንሽ ቀላ አድርጎኛል፤ አልተቀየምኩም።»

እኔም ሐቅ መሆኑ ገባኝ። ፊልሟን መርፌ መሐል የዶልናት እኛ ነን፣ አሳምረው ያልኩትም እኔ። ቢሆንም ብርቄ ቤት ይዤ የምገባው ሐቁን ሳይሆን ፈንታውን ነው።

መብራት ሲመጣ ተመልሰን ገባን። አንድ ነገር ድንገት ትዝ አለኝ።

«ያ መጀመሪያ የወጣው የት ሄደ? ከፊልሟ እንደወጣ የተቆጣኝ?»

«እሱማ አለ። ኦሪጅናሉን መቼ ነካሁት። የምሠራው ቅጂው ላይ ነው።»

«እንዲያው አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስንሠራ ነው የዋልነው?»

ደጀኔ ከፈተው። ፈንታው ከነበሬዎቹ፣ ከነአፍንጫው፣ ከነማተቡ መጣና ቋጥሮ አየኝ። እሰይ አልኩ፤ ፈንታውን አይቶ እሰይ ያለ ከኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

«እንዲሁ አትመው» አልኩ።

«እንዲሁማ አይሆንም። እስቲ ይዩት፣ በጭረት ተሸፍኖ ሴትዮዋ ምኑን ሊያዩ ነው? ዓይናቸው ደካማ ነው አላሉኝም?»

ይኼም ሐቅ ነው። ስለዚህ ተስማማን። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ በምትሄደው ቀስት እየጠቆመ ይጠይቃል፣ እኔ እፈርዳለሁ፤ ካልኩት ውጪ አንዲት ነገር አይነካም።

ራሱ ላይ ያሉትን ነጫጭ ነጥቦች ጠቆመ። «ይኼ አቧራ ነው።»

«አቧራ ነው። ግን የገብሱ ነው፤ ሲወቃ ነበር። ተወው።»

«ይኼስ?» ሰማዩ ላይ።

«ሰማይ ላይ ገብስ አይወቃም። አንሣ።»

በዳልቻው በሬ ጎን ረጅም መስመር ወርዷል። «ይኼስ የበሬው ማተብ እንዳይሆን!»

«አትቀልድ። አንሣ።»

ኩታው ላይ ያለው ቡናማ ነገር እድፍ ነው፤ የራሱ ነው፣ ቀረ። መንሹን ያቋረጠው ፀጉር መሰል ነገር ተነሣ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሄደን ሄደን ጉንጩ ላይ ቆምን። ከፈንጣጣው መሐል አንዲት ሰያፍ መስመር አለች። ደጀኔ አጎላት።

«ጠባሳ ናት ወይስ ጭረት?»

ሙሽሮቹ አንገታቸውን አስገብተው አዩ። እኔም አየሁ። አላውቅም። ያን ሁሉ ዘመን ተዋስነን፣ ተካስሰን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስመን የፈንታውን ጉንጭ ደህና አድርጌ አላየሁትም። ስንጣላ ሁልጊዜ ፊቱን አዙሮ ነው የሚናገረኝ፤ እኔም ቁጥቋጦዋን እያየሁ ነው የምመልስለት።

«ተወው» አልኩ። «ብርቄ ትወቀው።»

በመጨረሻ የቀረው ብርሃኑ ነው። ፀሐይዋ ከኋላው ስለነበረች ከደረቱ በታች ጨልሟል፤ በዚህ ላይ የብርቄ ዓይን ምንም አይለይም። ደጀኔ ብርሃን ጨመረ። በዛ፤ ፈንታው ገረጣ።

«ፈረንጇ እሱን ልታነሣ መጥታ ራሷን አነሣች እንዴ? መልሰው።»

ቀነሰ። ትንሽ መለሰ። ትንሽ ጨመረ።

«በቃ!» አልኩ። «አሁን የታኅሣሥ ፀሐይ ሆነ።»

ታተመ። ደጀኔ በሁለት ጣቱ ይዞ ከራቀ ቦታ አየው፤ አልወደደውም። «ማኅተሜን ግን አላሳርፍበትም» አለኝ።

«አታሳርፍ። ፈንታውም ማኅተም አይወድም ነበር።»

በላስቲክ ጠቅልዬ ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘኝ፤ እኔ በሰበስኩ፣ እሱ ደረቅ ገባ። ብርቄ ቤት መምሬ ይርዳውና አለሚቱ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ማን እንደጠራቸው አልጠየቅሁም።

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ብርቄን ደጅ በርጩማ ላይ አስቀመጥናት። ያለፈው አስደንግጧት ነው መሰል አሁን ከታች ጀመረች።

«ቦራ» አለች ጣቷን በሬው ላይ አድርጋ። «ይኼ ዳልቻው ነው። አይ ዳልቻ፣ ሰነፍ!» ከበሬዎቹ ወደ እግሩ ሄደች። «ተረከዙ እንደተሰነጠቀ ነው፤ ቅቤ ቀባ ብዬው አይሰማ።» ከእግሩ ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ወገቡ ወጣች። እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ። አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ አጎነበሰች።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች።

መምሬ ይርዳው ከተቀመጡበት ተነሡ። «ማን ነው?»

«መቀነቴ! የሙሽርነት መቀነቴ! ላሊበላ ገበያ ሌባ ወሰደው ብሎ አስለቅሶኝ... ይኸው! ገብስ ይወቃበታል!»

ጠጋ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው። ፈንታው ኩታውን በቀይ ጥለት መቀነት ጥፍር አድርጎ ታጥቋል። መዳፍ በምታህለው ፎቶ ላይ፣ በዚያ ጨለማ ቤት፣ ጥላ ይመስል ነበር፤ ደጀኔ ብርሃን ሲጨምር ነው ቀለሙ የወጣው።

«እኔ ሌባውን ስረግም ኖሬ!» ትላለች ብርቄ። «አብሮኝ እየረገመ እኮ ነው! እጁ ይቆረጥ ሲል ጆሮዬ ሰምቷል!» ትስቃለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ እንደገና ትስቃለች። ፎቶውን በጥፊ መታችው። እንደ ደህና ሚስት ከተሳደበች በኋላ ወደ ላይ ወጣች። አንገቱ ላይ ደረሰች፤ እዚያ ብዙም አልቆየች።

«ማተቡ አለ» አለች፣ እግረ መንገዷን እንደምትናገር።

መምሬ ይርዳው መነጽራቸውን አድርገው ዓይናቸውን ተከሉ። «አለ። ተመስገን። ፍትሐቱ ባለቤቱ ጋ ደርሷል።»

አለሚቱም አየች። ትንሽ ከፋት መሰለኝ። ቢሆንም ከማተቡ መቀነቱ የተሻለ ወሬ መሆኑ ገባትና ብዙ አልተቀመጠችም።

«እቴ» አልኩ፣ «ይች ጉንጩ ላይ ያለችው ጠባሳ ናት ጭረት?»

ብርቄ በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ አሸችው። «ይችማ የራሱ ናት» አለች። ከየት እንደመጣች ልጠይቅ ብዬ አፍንጫውን አየሁና ተውኩት።

ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ ሐኪሙ እንዳለው ሆነ፤ ብርቄ አሁን ጨለማና ብርሃን ብቻ ነው የምትለይ። ፎቶው ከአልጋዋ ትይዩ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ልጠይቃት ስገባ ከኔ ጤና በፊት የሱን ትጠይቃለች።

«አለ?»

«አለ።»

«አልፈታውም?»

«አልፈታውም። እንደታጠቀው ነው።»

«ሌባ!» ትላለች፤ ፊቷ ይበራል። «በል ንገረው፤ መቀነቴን ሳይመልስ ሰላም አልለውም።»

እኔም ዞሬ እነግረዋለሁ። ግንባሩን ቋጥሮ ያየኛል። እኔም እቋጥርለታለሁ።